ከሥራ የተቀነሰ ሰው ጠዋት የት ይሄዳል?

ኮተቤ ላይ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ታክሲ የሚጠብቁት ወንዶች ሁሉ ሥራ የሚሄዱ አይምሰላችሁ። አንድ ጎረቤቴ ከተቀነሰ በኋላም ሸሚዙን ተኩሶ፣ ጫማውን አስጠርጎ ይወጣ ነበር። ካራ ድረስ በእግሩ ሄዶ፣ አንድ ማኪያቶ ይዞ እስከ ምሳ ይቀመጣል። ማታ ሚስቱ "ሥራ እንዴት ዋለ?" ስትለው "ተመስገን" ነው መልሱ። (እኛስ ሰው ስናገኝ መጀመሪያ የምንጠይቀው ስለ ሥራ አይደል?)

መጀመሪያ ዕቁቡን አቋረጠ። ቀጥሎ ለቅሶ መድረስ ተወ። ከዚያ እንቅልፉ ጠፋ። እኛ ደግሞ "ወንድ ልጅ ይችላል" እያልን አለፍነው። ይህ አባባል ስንቱን እንደጎዳ!

በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሥራ ስንብት ክፍያ ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት የ30 ቀን ደሞዝ ነው፤ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ ሲሶ ይታከልበታል። ክፍያው ለጥቂት ወራት አስቤዛ ይሆናል፤ ጭንቀቱን ግን አይነካውም።

በ2012 በኮቪድ ማዕከልነቱ ያወቅነው የካ ኮተቤ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምናም ይሰጣል። እዚሁ ሰፈራችን ነው። እንቅልፍ ያጣ፣ ከሰው የሸሸ ወንድም ካላችሁ ምክር ከመደርደራችሁ በፊት አብራችሁት ሂዱ።