ስለ ተማሪ ንቃት

በምሥራቅ ጎጃም የሚገኘው ደብረ ኤልያስ በቅኔ ትምህርት ስሙ የታወቀ ደብር ነው። ባለቅኔው ዮፍታሔ ንጉሤ የተወለደው በዚያ ነው፤ በ1958 ዓ.ም. የታተመው የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ደራሲ ሐዲስ ዓለማየሁም በዚያ ቅኔ ተምሯል።

በቅኔ ጉባኤ ሥርዓት መምህሩ ቅኔ ሲዘርፉ ተማሪው የሚጽፍበት ነገር አይዝም፤ በጆሮው ተቀብሎ በልቡ ያኖረዋል። ከዚያም ለብቻው ከዛፍ ሥር ተቀምጦ የራሱን ይቆጥራል። በ2 ቤት ጉባኤ ቃና ጀምሮ፣ ሲበረታ 8 ቤት ካለው መወድስ ይደርሳል። የቆጠረውንም ለመምህሩ ይነግራል፤ እርሳቸውም ያቀኑለታል። ቅኔ ሰምና ወርቅ አለውና፣ ለጥቂት ጊዜ ያንቀላፋ ሰው ሰሙን ይዞ ወርቁን ይስታል።

ከእንዲህ ያለው ጉባኤ ወጥቶ ኮሌጅ የገባ አንድ ወጣት ነበረ። በሀገሩ ሳለ ብርድና ረኀብ ሳይበግረው ይነቃ የነበረው ሰው፣ ከምሳ በኋላ በሚሰጠው ትምህርት ላይ ዐይኑ ይከደንበት ጀመር። በዚህም እጅግ አፈረ። ቡና ጠጣ፤ ከፊት ወንበር ተቀመጠ፤ መምህሩ የተናገሩትንም ሁሉ ቃል በቃል ይጽፍ ጀመር። እንቅልፉ ራቀለት፤ ደብተሩም ሞላ።

አንድ ቀን ታሞ የቀረ ባልንጀራው «ወንድሜ፣ ዛሬ ምን ተማራችሁ?» ብሎ ጠየቀው። እርሱም ደብተሩን ገልጦ አነበበለት። ባልንጀራው «ቃሉንስ ሰማሁ፤ ነገሩ ምንድር ነው?» ቢለው የሚመልሰው አጣ። ለካ እጁ ነቅቶ ሳለ ልቡ ተኝቶ ኖሯል።

ያን ጊዜ አንድ ነገር አስተዋለ። በደብረ ኤልያስ ያነቃው የነበረው የመምህሩ ድምፅ ብቻ አልነበረም፤ በማግሥቱ የሚነግረው ቅኔ ስላለበት ነበረ እንጂ። ዕዳ ያለበት ሰው እንቅልፍ አይወስደውም። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ደብተሩን ዘግቶ የሰማውን በራሱ ቃል ለባልንጀራው ይነግረው ጀመር፤ የጠፋበትንም በማግሥቱ መምህሩን ይጠይቃል። ጽሕፈቱ አነሰ፤ መስማቱ ግን በዛ። አንዳንድ ቀን ማዛጋቱ አልቀረም፤ ሥጋ ለባሽ ነውና። ነገር ግን እያዛጋም ቢሆን ወርቁን ይፈልግ ነበር።

እንግዲህ የሚያስተምር ሰው «ተማሪዬ ስለ ምን ያንቀላፋል?» ብሎ ከመቈጣቱ አስቀድሞ፣ «ነገ ምን ይነግረኝ ዘንድ አዝዤዋለሁ?» ብሎ ራሱን ቢጠይቅ መልካም ነው።