ስምንት ቁጥር

ማርቲን ኦዴጋርድ ቁርጭምጭሚቱን የተጎዳው ጳጉሜ 4 ቀን 2016 ነው፤ ለአዲስ ዓመት ሁለት ቀን ሲቀረው። ኖርዌይ ኦስሎ ላይ ኦስትሪያን 2 ለ 1 ባሸነፈችበት የኔሽንስ ሊግ ጨዋታ ላይ ነበር። እኛ ሰፈር ላፍቶ ዜናው የደረሰው በቴሌግራም ነው። በማግስቱ ስለ ዶሮ ዋጋና ስለ ኦዴጋርድ ቁርጭምጭሚት እኩል ይወራ ነበር ብል ብዙም አላጋነንኩም።

እስኪመለስ 58 ቀን ፈጀ። አርሰናል በእነዚህ ቀናት 12 ጨዋታ ያለ አምበሉ ተጫወተ። ከ12ቱ 7ቱ የፕሪሚየር ሊግ ነበሩ፤ ከሚቻለው 21 ነጥብ ያገኘው 11 ብቻ ነው። በርንማውዝ 2 ለ 0፣ ኒውካስል 1 ለ 0 አሸነፉት። በእርግጥ ሁሉንም በአንድ ሰው ማላከክ አይቻልም፤ ትሮሳርም ሳሊባም ቀይ ካርድ ያዩት በዚያው ሰሞን ነው። ግን ጨዋታውን የሚያይ ሰው የጎደለው ምን እንደሆነ ያውቅ ነበር።

ምን ልበላችሁ፣ የጎደለው ጎል አልነበረም። በቀኝ በኩል ያለችው ሦስት ማዕዘን ናት የጠፋችው። ቤን ዋይት ከኋላ፣ ሳካ መስመሩ ላይ፣ ኦዴጋርድ በሁለቱ መካከል። ሳካ ኳስ ሲይዝ ሁለት ተከላካይ ይመጣበታል፤ ኦዴጋርድ ካለ ግን ሁለተኛው ተከላካይ ያመነታል፣ ትቶት ከሄደ ከኋላው ምን እንደሚመጣ ያውቃልና። ያ ግማሽ ሰከንድ ማመንታት ለሳካ ይበቃዋል። ሰውዬው ሲጠፋ ሳካ ሁለቱን ብቻውን ይጋፈጥ ጀመር። ከዚህ ሌላ ደግሞ ኳስ በተቃራኒ ቡድን እግር ሥር ሲሆን መጀመሪያ የሚሮጠው፣ በእጁ እያመለከተ ሌሎቹን የሚጠራው እሱ ነው። ይህ የትኛውም የጎል ሰንጠረዥ ላይ አይጻፍም።

በእኛ ሙያ፣ ማለቴ ሶፍትዌር ላይ፣ «ባስ ፋክተር» የሚባል ነገር አለ፦ ስንት ሰው አውቶቡስ ቢገጨው ነው ፕሮጀክቱ የሚቆመው? መልሱ «አንድ» ከሆነ ችግር አለ። ይህን ለጓደኛዬ ስነግረው፣ የጀሞ–ሜክሲኮ ሚኒባስ ሹፌር ነውና፣ «አውቶቡስ ነው አይደል ያሉት? ሚኒባስ አላሉም?» ብሎ አረጋገጠ።

የዚህ ጽሑፍ ሰበብ እሱ ነው። የጤና ቡድናችን ስምንት ቁጥር። እሁድ ጠዋት ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ ባለችው ሜዳ ላይ የምንጫወተው ሰዎች ከባንክ፣ ከጋራዥ፣ ከሱቅ፣ ከላፕቶፕ ፊት የተሰበሰብን ነን፤ ኳስ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። እሱ ካለ ሁላችንም ተጫዋች እንመስላለን። ሐምሌ 2016 ጭቃ ላይ ግራ እግሩን ተክሎ ሲዞር፣ ማንም ሳይነካው፣ «ቋ» የሚል ድምፅ ሰማን። ከሜዳው ማዶ ቆሜ እኔም ሰምቼዋለሁ።

መጀመሪያ የተወሰደው ወጌሻ ጋ ነው። የሚገርም ቃል ነው ወጌሻ። በቴሌቪዥን የኳስ አስተላላፊዎቻችን «ወጌሻዎች ወደ ሜዳ ገብተዋል» ሲሉ የሚታየው ጓንት ያጠለቀ፣ ዲግሪ ያለው የእንግሊዝ ክለብ ባለሙያ ነው። ሰፈር ውስጥ ደግሞ ቅቤ ይዞ የሚጠብቀን አባት ነው። አንድ ቃል፣ ሁለት ዓለም። እኛ የሄድንበትን ሰውዬ ማማት አልፈልግም፤ የወለቀ ትከሻ ሲመልሱ በዓይኔ አይቻለሁ። የጓደኛዬም እብጠት በሦስት ሳምንት ጎድሎ ቀጥ ብሎ ሄደ። ችግሩ የተበጠሰ የጉልበት ጅማት በማሸት የማይገጥም መሆኑ ነው። ሊሮጥ ሲሞክር ጉልበቱ ከዳው። መስከረም ላይ ኤምአርአይ ተነሳ፦ የፊተኛው መስቀለኛ ጅማት ሙሉ በሙሉ ተበጥሷል።

በዚያው ወር፣ መስከረም 12፣ የማንቸስተር ሲቲው ሮድሪ ከአርሰናል ጋር ሲጫወት ያንኑ ጅማት በጠሰ። ጓደኛዬ የአርሰናል ደጋፊ ነው፤ ቢሆንም አልሳቀም። ሮድሪ በቀናት ውስጥ ማድሪድ ላይ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። የእኛው ሰው ጥቅምት ድረስ ጠበቀ፤ ገንዘቡ እስኪሞላ። የዕቁባችን ሰብሳቢ ዕጣውን ያለ ተራው ሰጠው፣ ቡድኑ የሜዳውን መዋጮ ለአምስት ሳምንት ወደ እሱ አዞረ፣ የቀረውን እናቱ ከየት እንዳመጡት እስከ ዛሬ አልነገሩንም።

ጥቅምት 18 ሮድሪ በክራንች ተደግፎ መድረክ ላይ ወጥቶ ባሎን ዶርን ሲቀበል ፎቶውን ላክሁለት። «ክራንቹ እኔም አለኝ፤ የቀረኝ ኳሱ ነው» ብሎ መለሰልኝ።

ኦዴጋርድ ጥቅምት 27 ሚላን ላይ ከኢንተር ጋር በጨዋታው ማብቂያ ተቀይሮ ገባ፤ አርሰናል 1 ለ 0 ተሸነፈ፣ እሱም ኳሷን በደንብ ሳይነካት አለቀ። እውነተኛው መመለስ ኅዳር 1 እሁድ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል፣ ከቼልሲ ጋር ነበር። ዲ ኤስ ቲቪ ቤቱ ከአግዳሚ ወንበር እስከ በሩ ሞልቷል። ለጓደኛዬ ከፊት ሁለት ወንበር ተለቀቀለት፤ አንዱ ለእሱ፣ አንዱ ለእግሩ። 60ኛው ደቂቃ ላይ ኦዴጋርድ ቀና አለና ኳሷን በተከላካዮቹ አናት ላይ አሻግሮ ለማርቲኔሊ ጣላት። ጎል። ቤቱ ተነሳ፤ አንዱ በደስታ የጓደኛዬን ክራንች አንስቶ ያወዛውዘው ጀመር። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ኔቶ አቻ አደረገ፤ 1 ለ 1 ተጠናቀቀ። ሆኖም ስንወጣ አቻ የወጣ ሰው ፊት የነበረው አልነበረም። ቀጥሎ ፎረስትን 3 ለ 0፣ ስፖርቲንግን 5 ለ 1፣ ዌስትሃምን 5 ለ 2 ሲያሸንፉ ማንም አልተገረመም።

ከኋላችን የተቀመጡ ጋሼ፣ ከቬንገር ዘመን ጀምሮ የሚደግፉ፣ «ካዞርላን አስታውስ» አሉት። አስታወስነው። ሳንቲ ካዞርላ ጥቅምት 2009 ከሉዶጎሬትስ ጋር ተጎድቶ ወጣ፣ ከዚያ ለአርሰናል ዳግም አልተጫወተም። ቁስሉ አመርቅዞ ከተረከዙ ጅማት 8 ሴንቲ ሜትር ያህል በላበት፤ ከክንዱ ቆዳ ተነስቶ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ተለጠፈ፣ ክንዱ ላይ የተነቀሰው የልጁ ስም ግማሹ እግሩ ላይ ቀረ። ዶክተሮቹ ከልጅህ ጋር ግቢ ውስጥ መራመድ ከቻልክ ተመስገን በል ብለውት ነበር። በ2018 እንደ ፈረንጆቹ ለቪያሪያል ተመለሰ፣ በዓመቱ ለስፔን ብሔራዊ ቡድን ተጫወተ፣ በ40 ዓመቱ ደግሞ ያሳደገውን ኦቪዬዶን ይዞ ላሊጋ ገባ። ጋሼ እስከዚያ ቀን የሆነውን ሲተርኩ ጓደኛዬ በትህትና ሰማቸው። በኋላ ወደ ቤት ስንሄድ ግን «ካዞርላ ፍሪሲዮን አይረግጥም» አለኝ።

ነገሩ እዚህ ላይ ነበር። ግራ ጉልበት ነው። ሚኒባስ በግራ እግር ነው የሚነዳው ማለት ይቻላል። የመኪናው ባለቤት ሌላ ሹፌር አስገብተው ነበር፤ ገቢ መግባት አለበትና። እኛ የቡድኑ ልጆች «መቼ ነው የምትመለሰው?» ስንለው ስለ እሁድ ነበር የምንጠይቀው፤ እሱ የሚመልስልን ስለ ሰኞ ነበር።

የካቲት ላይ ሥራ ሲጀምር አንድ ጠዋት ከጎኑ ተቀምጬ ቆጠርኩ፣ የሙያ በሽታ ሆኖብኝ። ከጀሞ በጀርመን አደባባይ፣ በመካኒሳ፣ በሳር ቤት እስከ ሜክሲኮ ፍሪሲዮኑን 212 ጊዜ ረገጠ። ያውም መንገዱ ጥሩ የነበረ ቀን። ፊዚዮቴራፒስቱ የጭኑ ጡንቻ ቢያንስ የጤነኛውን እግር 90 በመቶ ጉልበት እስኪያገኝ፣ ከቀዶ ሕክምናውም 9 ወር እስኪሞላ ኳስ እንዳይነካ ብለውታል፤ ቸኩሎ የሚመለስ ሰው ያንኑ ጉልበት ዳግም የመጉዳት ዕድሉ በጣም ከፍ ይላልና። የክለብ ተጫዋች ይህን ጉልበት የሚያሠራለት ሰው፣ ማሽን፣ ደመወዝ አለው። የእኛው ሰው መኪናው ተራ ሲጠብቅ የኋላ ወንበር ላይ ጎማ እግሩ ላይ አስሮ ይስባል። ረዳቱ «አስራ አምስት!» እያለ ይቆጥርለታል፣ በዚያው ድምፅ ደግሞ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» ይላል።

ሮድሪ ግንቦት 12 ተቀይሮ ገባ፤ 8 ወር ገደማ። ከዚያ ወዲህም እየተጎዳ ወጥቷል። ጓደኛዬ ይህን ሁሉ ይከታተላል። ሐምሌ ላይ 9 ወሩ ሞላ፣ ሜዳው ግን ጭቃ ነበር፤ እስኪደርቅ እጠብቃለሁ አለ። ማንም አልተከራከረውም።

መስከረም 2018፣ ከመስቀል በኋላ ባለው እሁድ፣ ገባ። የመጀመሪያውን ኳስ ወደ ኋላ መለሰው። ሁለተኛውንም። በግራ እግሩ ተክሎ መዞሩን ትቶታል፤ ኳስ ሳይደርሰው በፊት ዙሪያውን ያይና በአንድ ንክኪ ይለቃል። ከኛ አንዳንዶቹ «ያ ሰውዬ የለም፣ ወደ ተከላካይ ይውረድ» ይላሉ። እኔ አልስማማም። ድሮ ሦስት ሰው አታሎ ያቀብለኝ ነበር፤ አሁን ማንንም ሳያታልል ኳሷ ቀድማ ትደርሰኛለች፣ ችግሩ እኔ ገና እዚያ አለመድረሴ ነው።

25 ደቂቃ ተጫውቶ እጁን አነሳና ወጣ። ከጁስ ቤት በፌስታል በረዶ አመጣንለት። ጉልበቱ ላይ አድርጎ ቁጭ አለና፣ የተተካውን ልጅ «መስመሩን አትልቀቅ!» እያለ መጮህ ጀመረ። ውጤቱን ሳያይ ሄደ፤ ሰኞ ሌሊት 11 ሰዓት ተራ አለው።