ምልክቱ አንድ፣ ደሞዙ ብዙ

ዛሬ የምናጫውታችሁ ስለ አንድ ትንሽ ሥራና ስለ ደሞዙ ነው። ሥራው ትንሽ ቢመስልም ቤታችን ለብዙ ዓመታት የቆመው በእርሱና በአባታችን ታክሲ ነው።

የምንኖረው በአሜሪካ ምዕራባዊ ጫፍ፣ በዋሽንግተን ክፍለ ግዛት፣ በሲያትል ከተማ ነው። ከዋና ከተማዋ ከዋሽንግተን ዲሲ ጋር ስሙ እንጂ ቦታው አይገናኝም። እኛ ሦስት ወንድማማቾችና እህትማማቾች ያደግነው በበራችን ጀርባ ሁለት አንጸባራቂ ቢጫ ሰደርያዎች ጎን ለጎን ተሰቅለው እያየን ነው። አንዱ የእናታችን ነው፤ ጠዋትና ከሰዓት በኋላ በትምህርት ቤት ደጃፍ ቆማ ሕፃናትን መንገድ ታሻግራለች። ሁለተኛው ከእኛ ጋር የሚኖረው የአጎታችን፣ የእናታችን ታናሽ ወንድም ነው፤ እርሱ መንገድ በሚቆፈርበት ቦታ ቆሞ መኪና ያስቆማል፣ ያሳልፋል። ይህን ሥራ እዚህ አገር «ፍላገር» ይሉታል።

ሁለቱም በእጃቸው የሚይዙት ባለ ስምንት ማዕዘን ምልክት ነው። የእናታችን በሁለቱም ፊቱ ቀይ ሆኖ «ቁም» ይላል። የአጎታችን ግን በአንድ ፊቱ ቀይ «ቁም»፣ በሌላው ፊቱ ብርቱካንማ «ቀስ በል» ነው። ልጆች ሳለን በሁለቱ ሥራ መካከል ያለውን ልዩነት የምናውቀው በዚህ ብቻ ነበር፤ የደሞዛቸውም ልዩነት ከዚህ የሚበልጥ አይመስለንም ነበር።

በ2024 (እ.ኤ.አ.) በዒድ አልፊጥር ዕለት አክስታችን ከደሴ ደወለች። ሰላምታው ካለቀ በኋላ እናታችንን፣ «እንዲያው ይህ ልጅ የማሻገር ሥራሽ ስንት ያስገኝልሻል? እዚህ የተማሪ ትራፊክ ለሚሆኑት ልጆች ማን ሳንቲም ይሰጣቸዋል?» አለቻት። እናታችን ሣቀችና «በሰዓት 21 ዶላር» ብላ መለሰች። አክስታችን በስልኩ ውስጥ እልል አለች። ቀጥሎ አጎታችን ስልኩን ተቀበለና የራሱን ነገራት፦ «አንዳንዱ ቀን በሰዓት 42፣ አንዳንዱ ቀን 23።» አክስታችን ጥቂት ዝም አለች። ከዚያም «ያው ሁለታችሁም አንድ ምልክት ይዛችሁ አይደል የምትቆሙት? ምነው ታዲያ እንዲህ ተለያየ?» ስትል ጠየቀች። መልስ አልነበረንም።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ማታ ወረቀትና እርሳስ ይዘን ተቀመጥን። እናታችን ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል፣ ከሰዓት በኋላ አንድ ሰዓት ተኩል ትሠራለች፤ በቀን ሦስት ሰዓት ማለት ነው። የትምህርት ዓመቱ 180 ቀን ነው። ስለዚህ በዓመት 540 ሰዓት፣ በገንዘብ 11,340 ዶላር ሆነ። በሁለቱ ፈረቃ መካከል ያለው ጊዜ አይከፈልበትም፤ ለዙህር ሶላት ይመቻል እንጂ ለሌላ ሥራ አይበቃም። አጎታችን ደግሞ በ2023 የክረምቱ ዝናብ ካስቀረበት ቀን በቀር 1,400 ሰዓት ሠርቶ ነበር። 900ው በ42፣ 500ው በ23 ዶላር የተከፈለበት ነው። ድምሩ 49,300 ዶላር መጣ። ከእናታችን አራት እጥፍ በላይ!

የአጎታችን ዋጋ በአንድ ሳምንት ውስጥ እንኳ ከፍና ዝቅ የሚለው ለምንድን ነው? ምክንያቱን ከእርሱ ሰማን። መንገዱ የሚሠራው በመንግሥት ገንዘብ ከሆነ ዋጋውን የሚወስን ሕግ አለ። የፌዴራሉ ሕግ ዴቪስ ቤከን ይባላል፤ የወጣው በ1931 ሲሆን፣ ከ2,000 ዶላር በላይ በሆነ የፌዴራል የግንባታ ውል ሠራተኛው በአካባቢው ከተለመደው ዋጋ በታች እንዳይከፈለው ያዝዛል። ክፍለ ግዛታችንም በ1945 ተመሳሳይ ሕግ አውጥታለች፤ ዋጋውን በየካውንቲውና በየሙያው ዘርዝራ ታወጣለች፤ ፍላገርም በዝርዝሩ ውስጥ የራሱ መስመር አለው። የግል ኩባንያ ሽቦ ለመቅበር ሲያስቆፍር ግን ይህ ሕግ አይደርስበትም፤ ዋጋው በሠራተኛ ማኅበር ውል ወይም በአሠሪና በሠራተኛ ስምምነት ይቆረጣል። ሰውየው አንድ፣ ዝናቡ አንድ፣ ጭቃው አንድ፤ ዋጋው ግን በቆፋሪው ሳይሆን በአስቆፋሪው ይለያያል።

ቦታውም ይለያል። የፌዴራሉ ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ ከ2009 ጀምሮ 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም ነው። በ2025 በክፍለ ግዛታችን ዝቅተኛው 16 ዶላር ከ66 ሳንቲም፣ በሲያትል ከተማ ደግሞ 20 ዶላር ከ76 ሳንቲም ነበር። ድንበራችንን በምሥራቅ ተሻግሮ አይዳሆ የገባ ሰው ግን በዚያው ዓመት ያገኘው ወለል ያንኑ 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም ነው።

ታላቅ እህታችን በዚያ ሌሊት የአሜሪካን የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ ሰንጠረዥ ፈልጋ አገኘች። ቢሮው ተማሪ አሻጋሪዎችንና ፍላገሮችን በአንድ የሥራ መደብ ይቆጥራቸዋል። የዓመቱንም ደሞዝ የሚያወጣው የሰዓቱን ክፍያ በ2,080 ሰዓት በማባዛት ነው፤ ይህም ዓመቱን ሙሉ በሳምንት 40 ሰዓት እንደመሥራት ነው። በዚህ ስሌት የእናታችን 21 ዶላር በዓመት 43,680 ይሆናል። እናታችን ቁጥሩን ስናነብላት «ታዲያ ቀሪው የት ሄደ?» ብላ ቀለደች። ሣቅን፤ ግን ሣቁ ቶሎ ጠፋብን። በወር ስንትና በሰዓት ስንት እያለ ለሚመርጥ ወጣት እንዲህ ያለው ቁጥር ምን ያህል እንደሚያሳስት ያየነው ያኔ ነው።

በጋም ሲመጣ ልዩነቱ ይሰፋል። አጎታችን ሥራ ሲቆም ለሥራ አጦች የሚሰጠውን ክፍያ ሊጠይቅ ይችላል። እናታችን ግን የትምህርት ቤት ሠራተኛ ናት፤ በመስከረም ወደ ሥራዋ እንደምትመለስ ከተነገራት ለበጋው ወራት ያ ክፍያ አይገባትም። ሚኒሶታ በ2023 ይህን ለትምህርት ቤት የሰዓት ሠራተኞች ቀይራዋለች፤ በእኛ ዘንድ ግን እንደዚያው ነበር።

አጎታችን ይህን ሁሉ ሲያይ «እትዬ፣ ነይ የፍላገር ካርድ አውጪ። ትምህርቱ የአንድ ቀን ነው፣ ካርዱ ሦስት ዓመት ያገለግላል» አላት። እውነቱን ነው። እናታችን ግን ቤቱን ተመለከተች። እርሱ አንዳንዴ ከሱብሒ በፊት ይወጣል፣ አንዳንዴ ሌሊቱን በአውራ ጎዳና ላይ ያድራል። አንድ ሌሊት የተሳሳተ መኪና ከአጠገቡ የቆመውን ብርቱካንማ ኮን ገጭቶ ወስዶት ነበር። «ወንድምዓለም፣ ያንተ 42 ዶላር እንዲያው የመጣ እንዳልሆነ አውቃለሁ። እኔ ግን ትንሹን ልጄን ለማን ትቼ በሌሊት ልውጣ?» አለችው።

እውነተኛው ጭንቀታችን ግን ሕክምና ነበር። እኛ ልጆቹ በክፍለ ግዛቱ የልጆች ሕክምና ተሸፍነናል። የወላጆቻችን ገቢ ግን ለአዋቂዎች ነፃ ሕክምና ከተቀመጠው ልክ ጥቂት ይበልጥ ነበር። የያዙት ርካሽ ኢንሹራንስ ደግሞ እርሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ከኪስ ብዙ የሚያስወጣ ነው። እናታችን ቆማ ስትውል የምታማትን ጉልበቷን ለሐኪም ሳታሳይ ከዓመት ዓመት ታስተላልፍ ነበር።

ወረቀቱን ስናገላብጥ ሁለተኛው ወንድማችን አንድ ነገር አገኘ። በክፍለ ግዛታችን ከ2020 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው ደንብ መሠረት፣ በትምህርት ዓመቱ 630 ሰዓት ይሠራል ተብሎ የሚጠበቅ የመንግሥት ትምህርት ቤት ሠራተኛ የጤና ኢንሹራንስ ያገኛል። የእናታችን 540 ነው። የጎደላት 90 ሰዓት፤ ለ180 ቀን ሲካፈል በቀን ግማሽ ሰዓት! ለአራት ዓመት ከኢንሹራንስ የለየን ግማሽ ሰዓት ነበር።

በማግሥቱ እናታችን ጠየቀች። በጽሕፈት ቤቱ የነበሩት ሰው «የማሻገር ሥራ ሦስት ሰዓት ነው፣ ከዚያ አይጨምርም» አሏት። ተናድዳ ወደ ቤት መጣች። በሳምንቱ ግን ተመልሳ ሄደችና ጥያቄውን ቀየረችው፦ «በማሻገር አትጨምሩልኝ፤ ሌላ የግማሽ ሰዓት ሥራ ግን የላችሁም?» አለች። ለጊዜው የለም ተባለች። ስሟን ጽፈው እንዲያስቀምጡላት ጠይቃ ወጣች። በመስከረም 2024 ትምህርት ሲከፈት በምሳ ሰዓት ሕፃናቱን በመመገቢያ አዳራሽ የሚጠብቅ ሰው ጎደለ፤ በቀን ለሠላሳ ደቂቃ። አልሐምዱሊላህ፣ ለእርሷ ተሰጣት።

ያቺ ግማሽ ሰዓት በገንዘብ ስትታይ በዓመት 1,890 ዶላር ናት። የአጎታችንን ደሞዝ አታህልም። የእናታችን ጉልበት ግን በዚያው ዓመት በሐኪም ታየ። ሙሉ በሙሉ ባይድንም አሁን ደረጃ ስትወጣ አትቆምም። አባታችንም የደም ግፊት መድኃኒቱን ቀን እየዘለለ መውሰድ ተወ።

ወንድሞቻችንና እህቶቻችን፣ በተለይ አሁን ሥራ የምትጀምሩ ወጣቶች፣ ይህን የጻፍነው ደሞዛችንን ለማውራት አይደለም። ለሠራተኛ ዋጋውን በወቅቱ መክፈል የአሠሪው አደራ መሆኑን በየኹጥባው ሰምተናል። የሚገባውን አውቆ መጠየቅ ደግሞ የሠራተኛው ድርሻ ነው። «በሰዓት ስንት?» ብላችሁ ብቻ አትመለሱ። በዓመት ስንት ሰዓት ይሠራል? ገንዘቡ የመንግሥት ነው ወይስ የግል? ሥራ በሚቆምበት ወር ምን አለ? ለኢንሹራንስ የጎደለኝስ ስንት ሰዓት ነው? እነዚህን ጠይቁ። አባትና እናት ቋንቋው ቢያስቸግራቸው ልጆች ደንቡን አንብበው ይተርጉሙላቸው፤ እኛ አራት ዓመት ዘግይተናል።

በ2025 ዒድ አክስታችን ደግማ ደወለች። «እሺ፣ ደሞዝሽ ስንት ደረሰ?» አለቻት። እናታችን ስለ ዶላሩ አልነገረቻትም። «በቀን ሦስት ሰዓት ተኩል ደረሰ» አለቻት። አክስታችን አልገባትም፤ እኛ ግን ገብቶናል።