ፈርመሽ ውጪ ቢሉሽ

እኅቴ፣ ዛሬ ስለ ፊርማ ላጫውትሽ ነው።

ከአገር ስንወጣ ኤጀንሲ ቢሮ ቆመን የፈረምነውን ወረቀት አስቢው። እዚህ ዶሃ ከደረስን በኋላም በዐረብኛ የተጻፈ ወረቀት ቀርቦልን «እዚህ ጋ ፈርሚ» ስንባል የፈረምን ብዙ ነን። ምን እንደሚል የገባን ቆይቶ ነው፤ ደመወዝ ሲጎድል፣ ወይም የዕረፍት ቀን ስንጠይቅ። ስለዚህ ጨንቆት የሚፈርም ሰው ምን እንደሚሰማው ለአንቺ አልነግርሽም፤ ታውቂዋለሽ።

ነገሩን ያስነሣብኝ አንዲት ወጣት እኅታችን በአንድ አርብ የጠየቀችኝ ጥያቄ ነው። «የቅንጅት መሪዎች ይቅርታ ጠይቀው፣ ፈርመው ነው አሉ የወጡት። ጥፋት ከሌለባቸው ለምን ፈረሙ?» አለችኝ። እርሷ ያኔ ሕፃን ነበረች፤ ብትጠይቅ አይፈረድባትም። እኔ ግን መልሱን በሁለት ቃል መጨረስ አልቻልኩም። እንግዲህ አንቺም ስሚኝ።

ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. በአገራችን ምርጫ ተደረገ። በውጤቱ ላይ ክርክር ተነሣ፤ ሰኔ 1 ቀን በአዲስ አበባ በተነሣው ተቃውሞ ሰዎች ተገደሉ። በ1998 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ቅንጅት ሕዝቡ ያለ ኃይል ተቃውሞውን እንዲገልጽ ጥሪ አደረገ። ባለ መኪናው ጡሩምባ እንዲያሰማ፣ ሰው ከገዥው ፓርቲ ድርጅቶች ዕቃ እንዳይገዛ የሚል ነበር። ከጥቅምት 22 ጀምሮ ግን ከተማው ተኩስና ድንጋይ ሆነ። በፓርላማ የተቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን ባወጣው ቁጥር በሰኔውና በጥቅምቱ ሁከት የሞቱት 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች ነበሩ። የቅንጅት መሪዎች፣ ጋዜጠኞችና የሲቪል ማኅበራት ሰዎች ታሰሩ። ከየሰፈሩ የታፈሱት ወጣቶች ደግሞ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ነበሩ።

አሁን ክሱን ልብ በይ። ሰላማዊ ሰልፍ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 የተጻፈ መብት ነው። ዐቃቤ ሕግ ግን መሪዎቹን ሥርዓቱን በኃይል ለመናድ ተነሥተዋል ብሎ ከሰሳቸው፤ የአገር ክህደትና የዘር ማጥፋት ሙከራ የሚል ክስም ጨመረበት። ሕገ መንግሥታዊ ሥርዓትን በኃይል ስለ መናድ የሚናገረው የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 238 ከ3 እስከ 25 ዓመት ያስቀጣል፤ ነገሩ ከከበደ ዕድሜ ልክ ወይም ሞት ነው። ተቃውሞ የጠራ ሰው በዚህ አንቀጽ ሲከሰስ፣ በጥሪው ቀን የተወረወረው ድንጋይ ሁሉ በእርሱ ስም ይጻፋል። ከተከሳሾቹ አብዛኞቹ ፍርዱ አስቀድሞ ያለቀ ነው ብለው መከላከያ ማቅረብን ተዉት።

ሰኔ 4 ቀን 1999 ዓ.ም. ጥፋተኛ ተባሉ። ዐቃቤ ሕግ ሞት ጠየቀ። ሐምሌ 9 ቀን ፍርድ ቤቱ አብዛኞቹን በዕድሜ ልክ እስራት ቀጣ። ከአራት ቀን በኋላ፣ ሐምሌ 13 ቀን፣ 38ቱ በይቅርታ ተለቀቁ። ኢንጂነር ኃይሉ ሻውል፣ ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም፣ ዶክተር ብርሃኑ ነጋ፣ ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ በዚያ ውስጥ ነበሩ። በመካከል ገብተው ያስማሙት በፕሮፌሰር ኤፍሬም ይስሐቅ የሚመሩ ሽማግሌዎች ነበሩ። የእኅታችን ጥያቄ የመጣው እንግዲህ ከዚያ ወረቀት ነው።

እኅቴ፣ ከእስር የሚያወጡ በሮች ብዙ ናቸው፤ አንዱ ግን እንደ ሌላው አይደለም። አንደኛው በነጻ መለቀቅ ነው። ዳኛው ጥፋት የለብሽም ይላል፤ ነገሩ ያበቃል። ጋዜጠኛ ሰርካለም ፋሲል ነፍሰ ጡር ሆና ታስራ፣ ልጇን በእስር ላይ ወልዳ፣ በሚያዝያ 1999 ዓ.ም. የወጣችው በዚህ በር ነው። ሁለተኛው ምሕረት ነው። ፓርላማው ሕግ አውጥቶ ክሱንና ፍርዱን ይሰርዘዋል፤ በ2010 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ የወጣው የምሕረት አዋጅ እንደዚያ ነበር። ሦስተኛው ይቅርታ ነው። ይቅርታ የሚሰጠው ከፍርድ በኋላ ነው፤ ሰጪውም ፕሬዚዳንቱ ነው። ቅጣቱ ይቀርልሻል፤ ጥፋተኛ የሚለው ፍርድ ግን በመዝገቡ ላይ አለ። በሩን የከፈተልሽ ሰው ቁልፉን ኪሱ ከትቶ ይቀመጣል ማለት ነው።

ይህ ምን ያህል እውነት እንደሆነ በወይዘሪት ብርቱካን ታየ። እርሳቸው ፖለቲካ ውስጥ ሳይገቡ ዳኛ ነበሩ። በ1994 ዓ.ም. የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃ በዋስ እንዲወጡ ወስነው፣ ሰውየው ወዲያው እንደገና ሲያዙ አይተዋል። የወረቀትን ጉልበትም፣ ወረቀት የማይሰማን ጉልበትም ያውቁ ነበር። ከእስር ከወጡ በኋላ አንድነት የተባለውን ፓርቲ መሩ። በኅዳር 2001 ዓ.ም. ስዊድን ላይ ከወገኖች ጋር ሲነጋገሩ፣ የተፈቱት በሽማግሌዎች ድርድር እንደሆነ ተናገሩ። መንግሥት ይህን ይቅርታውን እንደ መካድ ቆጠረና በሦስት ቀን ውስጥ እንዲያስተባብሉ ጠየቀ። እርሳቸው ግን «ቃሌ» የሚል ጽሑፍ አወጡ፤ የተናገሩትን አላጠፉም። በታኅሣሥ 2001 ዓ.ም. ይቅርታው ተነሥቶ ዕድሜ ልክ ፍርዱ ተመለሰባቸው። ለወራት ብቻቸውን ተዘጉ። ትንሽ ሴት ልጅ ነበረቻቸው፤ አያቷ እጅ አደገች። በአያት እጅ የሚያድግ ልጅ ያለሽ እኅቴ ይህ ምን እንደሆነ ከእኔ ይልቅ ታውቂዋለሽ። በመስከረም 2003 ዓ.ም. የተፈቱት እንደገና ይቅርታ ጠይቀው ነው። አንድ ሰው፣ ለቃሏ ስትል የታሰረችና ለመውጣት ስትል የፈረመች። የትኛዋ ብርቱካን እውነተኛዋ ናት ብትዪኝ ሁለቱም ናቸው እልሻለሁ።

ወዲያው ያልፈረሙም አሉ። በዚያው መዝገብ የተከሰሱት የሕግ ባለሙያዎቹ ዳንኤል በቀለና ነፃነት ደምሴ በ1999 ዓ.ም. ከሌሎቹ ጋር አልፈረሙም፤ መከላከያ አቅርበን እንከራከራለን አሉ። ዝቅ ባለ ክስ ጥፋተኛ ከተባሉ በኋላ ግን እነርሱም ፈርመው፣ በመጋቢት 2000 ዓ.ም. በይቅርታ ከእስር ወጡ። ዓመታት አልፈው በ2010 ዓ.ም. ደግሞ ጋዜጠኛ እስክንድር ነጋ የግንቦት ሰባት አባል ነበርኩ የሚል ወረቀት ፈርሞ እንዲወጣ ተጠይቆ እምቢ አለ። በዚያው የካቲት ሳይፈርም ተፈታ።

የእኔንም ልንገርሽ። ጥቅምት 1998 ዓ.ም. እኔ እዚሁ ዶሃ ሰው ቤት ነበርኩ። ታናሽ ወንድሜ ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ ታፈሰ። ከከተማ ርቆ በሚገኝ ካምፕ ከወር በላይ ቆየ። በስልክ ካርድ ስደውል እናቴ እያለቀሱ፣ «በሁከት ተሳትፌያለሁ፤ ሁለተኛ አይለመደኝም ብለህ ፈርም እያሉት ነው፤ ምን ይሻላል?» አሉኝ። ካርዱ ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ ቀርቶት ነበር። «ይፈርም፣ እማዬ፤ ይውጣ» አልኩ። ፈርሞ ወጣ። በኋላ ከአሜሪካ የደወለ ዘመዳችን ወንድሜን ፈሪ ብሎ ሰደበው። «አንተ ስንት ሌሊት ሲሚንቶ ላይ ተኝተህ ታውቃለህ?» አልኩት፤ ዝም አለ። ዛሬም ቢሆን ያኔ የተናገርኩትን ቃል እደግመዋለሁ። ወንድሜ ያላደረገውን አደረግሁ ብሎ ፈረመ፤ ውሸቱ ግን የእርሱ አይደለም፤ በራብና በብርድ ይዞ ያስፈረመው ሰው ነው።

ታዲያ ለእኅታችን የሰጠኋት መልስ ይህ ነው። በሩ ተቆልፎ የተፈረመ ወረቀት የፈራሚውን ልብ አይናገርም፤ የቁልፉን ባለቤት ፍላጎት ነው የሚናገረው። ስለዚህ በፈረመው ላይ አትፍረጂ። ያልፈረመውን ደግሞ ግትር አትበዪው፤ እርሱ እምቢ ሲል የፈረመውም ሰው እውነት አብሮ ይቆማል። ወይዘሪት ብርቱካን በ2011 ዓ.ም. የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆኑ፤ የ2013ቱን ምርጫም የመሩት እርሳቸው ናቸው። አቶ ዳንኤልም በ2011 ዓ.ም. የሰብአዊ መብት ኮሚሽን ኃላፊ ተባሉ። የፈረመችውንም፣ ሳይፈርም የቆየውንም አገር ፈልጋ ጠራቻቸው።

ነገሩ የፖለቲካ ሰዎች ብቻ አይምሰልሽ። የኳታር የቤት ሠራተኞች ሕግ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር የ2017ቱ ቁጥር 15፣ ውልሽ በጽሑፍ እንዲሆን ያዛል። ቢሆንም ወደ አገር ልትሄጂ ሻንጣሽን ዘግተሽ፣ አውሮፕላኑ ሊነሣ ሰዓታት ሲቀሩት፣ «ሒሳቤን ሁሉ ተቀብያለሁ» የሚል ወረቀት ሊቀርብልሽ ይችላል። ፖሊስ ጣቢያም ቢሆን የማታነቢው ጽሑፍ ሊመጣ ይችላል። አስተርጓሚ ጠይቂ። ያልተቀበልሽው ገንዘብ ካለ በራስሽ ቋንቋ ከፊርማሽ አጠገብ ጻፊው። ከቻልሽ በስልክሽ ፎቶ አንሺው፤ ቀኑንና በቦታው የነበረውን ሰው መዝግቢ።

ይህ ሁሉ ሳይሆንልሽ ቀርቶ፣ ጨንቆሽ ፈርመሽም ከሆነ፣ አንገትሽን አትድፊ። ወረቀቱ የሚለውን ይበል። የሆነውን ግን አንቺ ታውቂያለሽ፤ ለምታምኛት አንዲት እኅት ሳትውዪ ሳታድሪ ንገሪያት።