የጠብታ ነገር

ጥቅምት 8፣ ዛሪማ
ሙቀቱ አልበረደም። ጎረምሳው ለሰሊጥ አጨዳ ወርዷል፤ ታካሚ ጥቂት። ጠዋት አንዲት ልጅ እግር ለእርግዝና ምርመራ መጣች። ትንሽ ሽንት፣ አንድ ጥብጣብ፣ ሁለት መስመር። ጥብጣቡ የያዘው ኤችሲጂ የተባለውን ሆርሞን ነው። «እርግጥ ነው ዶክተር?» አለች። ደስ ይበላት ይክፋት ፊቷ አልነገረኝም። እዚህ ጠረጴዛ ላይ የሚታይ ሆርሞን ይኸው ብቻ ነው።

ጥቅምት 11
አንገታቸው ያበጠ እናት። እንቅርት። ቲኤስኤች የተባለውን ሆርሞን መለካት ያስፈልጋል፤ እኛ ዘንድ አይሠራም። «እማማ፣ ጎንደር ይሂዱ» አልኳቸው። «በምን ብር ልጄ?» ሊማሊሞ፣ ደባርቅ፣ ዳባት፣ ከዚያም ገና መንገድ አለ። መልስ አጣሁ።

ጥቅምት 12፣ ማታ
መብራት የለም። ኤስትሮጅን የተባለውን ሆርሞን ስለሚለካ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ሥራ በስልኬ አነበብኩ፤ የአሮን ዊለር ቡድን፣ 2009 እ.ኤ.አ.። አንድ ማይክሮ ሊትር ደም ወይም ቅንጣት የጡት ሥጋ ብቻ። ከተለመደው 1000 ጊዜ ያነሰ ናሙና! ጠብታዋ በቧንቧ አትፈስም፤ ከሥሯ ሰሌዳ ላይ የተደረደሩት ኤሌክትሮዶች በየተራ እየሳቡ ይወስዷታል፣ ከሌላ ጠብታ ያዋህዷታል፣ ኤስትሮጅኑም ተጣርቶ ይወጣል። ለጡት ካንሰር ነው ያሰቡት። ጡት ውስጥ ያለው ኤስትሮጅን ደም ውስጥ ካለው ይለያል፤ ከጡቱ መውሰድ ግድ ነው። ደጋግማ ብዙ ሥጋ የምትቆረጥ ሴት ደግሞ የለችም። ልክ ናቸው። መጠኑ የተነበበው ግን ከሰሌዳዋ ውጭ፣ በትልቅ መሣሪያ። እዚህ ላይ ቆምኩ።

ጥቅምት 17፣ ደባርቅ
ጉም። ብርዱ አጥንት ይገባል። ስለ ጭላዳ ዝንጀሮ ተወራ። ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስሜን ተራሮች ላይ ተመራማሪዎች ይከታተሏቸዋል። እንስሳው ሳይነካ ዓይነ ምድሩን ያነሳሉ፤ ሆርሞኑ ተጣርቶ አሜሪካ ይላካል። አዲስ ወንድ ቤተሰቡን ሲነጥቅ ካረገዙት 80 ከመቶ ያህሉ እንደሚያስወርዱ በ2012 እ.ኤ.አ. ያሳወቁት በዚህ ነው። ድንቅ ሥራ። ግን የጭላዳዋ ሆርሞን ባሕር ሲሻገር የእማማ ጎንደር አልደረሰም። ተመራማሪዎቹን መውቀሴ አይደለም። ማንን እንደምወቅስም እንጃ።

ጥቅምት 20፣ ዛሪማ
እማማ አልተመለሱም። ጎንደር ይሂዱ ቤታቸው ይቅሩ፣ የሚያውቅ የለም። ናሙናውን ማሳነስ ግማሹ ሥራ ነው፤ ንባቡም እዚሁ ካልሆነ ለዛሪማ ሰው አይደርስም። ከጣት ደም ቲኤስኤችን የሚለይ ፈጣን ምርመራ በዓለም ገበያ አለ። ይቅረብልን ብዬ ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ጻፍኩ። ነገ ይሄዳል።