የተሰፋው ዓይን

ሕመምተኛ ሁሉ ሐኪሙ ምላጩን ያስቀመጠ እንደ ሆነ ሕመሙ ያለቀ ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። መቍረጥና መስፋት ያንድ ሰዓት ሥራ ነው፤ መዳን ግን የብዙ ቀን፥ አንዳንድ ጊዜም የዓመት ሥራ ነው። የፊተኛው የሐኪሙ ድርሻ ሲሆን የኋለኛው የሕመምተኛውና የቤተ ሰቡ ድርሻ ነው። ብዙ ሰው ግን የሐኪሙን ድርሻ ሲያመሰግን ወይም ሲወቅስ የራሱን ድርሻ ይረሳል።

ይህ ነገር ፊት ላይ በሚደረግ ሕክምና ይልቁን ይገለጣል። በባሕር ማዶ አገር ገንዘብ ያላቸው ሰዎች እርጅና ያላላውን የፊታቸውን ቆዳ በሐኪም እያስቈረጡ ወደ ላይ ያስወጥራሉ። እነዚህም ቢሆኑ ከሕክምናው በኋላ የሚመጣውን መከራ አያመልጡም። በመጀመሪያው ቀን ከቆዳው በታች ደም እንዳይቋጠር ይፈራል፤ የደም ግፊት ያለበት ሰው ከሁሉ ይልቅ ይጠበቃል። ትምባሆ የሚያጤስ ሰው ደግሞ ደሙ ወደ ተነሣው ቆዳ በደኅና አይደርስለትምና የቆዳው ጠርዝ እንዳይሞትበት ያሰጋል። ነርቭ የተነካበትም ሰው በጆሮው አካባቢ ደንዝዞ ለወራት ይቆያል። የበለዘውና ያበጠው ፊት ወደ መልኩ እስኪመለስ 2 ወይም 3 ሳምንት፥ ጠባሳው እስኪለሰልስ ደግሞ እስከ 1 ዓመት ይወስዳል።

በሰሜን ወሎ በሀብሩ ወረዳ ግን ሰው ፊቱን ለምላጭ የሚሰጠው ለመልክ ሳይሆን ለብርሃን ነው፤ ይኸውም በትራኮማ የተቀለበሰውን የዓይን ቆብ አስቈርጦ ለማስመለስ ነው። የሁለቱ ሰዎች ኑሮ እጅግ የተራራቀ ነው፤ የቁስላቸው ሕግ ግን አንድ ነው።

ትራኮማ በእጅ፥ በጨርቅና በዝንብ ከሕፃን ወደ ሕፃን የሚተላለፍ ሕመም ነው። ውኃ በራቀበት ቀበሌ የሕፃናት ፊት ሳይታጠብ ይውላል፤ ዝንቡም ካንዱ ዓይን ወደ ሌላው ይመላለሳል። ሕመሙ በልጅነት ደጋግሞ ሲይዝ በቆቡ ውስጥ ጠባሳ ይተዋል፤ ጠባሳውም እንደ ደረቀ ጠፍር እየተሰበሰበ በጕልምስና የቆቡን ጠርዝ ወደ ውስጥ ይጐትተዋል። ያን ጊዜ ለዓይን ጠባቂ ሆኖ የተሰጠው ሽፋሽፍት ጠላት ሆኖ ብሌኑን ይፍቃል፤ ሕክምና ካላገኘም እስከ መታወር ያደርሳል። በ1998 ዓ.ም በአገሪቱ በተደረገው ምርመራ ከ9 ሚሊዮን የሚበልጡ ሕፃናት ሕመሙ እንዳለባቸው፥ ጠጕር ወደ ዓይናቸው የተቀለበሰባቸውም አዋቂዎች 1.3 ሚሊዮን ያህል እንደ ሆኑ ተገመተ፤ አማራ ክልልም እጅግ ከተጠቁት ክልሎች ዋነኛው ሆኖ ተገኘ። ከሕፃናት ጋራ የሚውሉና የሚያድሩ እናቶች ስለ ሆኑ ሴቶች ከወንዶች ይልቅ ይጐዳሉ።

መርሳ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የሀብሩ ወረዳ ከተማ ናት። ከከተማዪቱ ርቆ ማሽላ በሚዘራበት ቆላ የሚኖሩ አንዲት እናት ነበሩ። በመቀነታቸው ጫፍ ሁልጊዜ ወረንጦ ይቋጥሩ ነበር። በየ2 ሳምንቱ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው የልጅ ልጃቸው የተቀለበሰውን ጠጕር ትነቅልላቸዋለች፤ ጥቂት ቀንም ያርፋሉ። ነገር ግን የተነቀለው ጠጕር አጭርና ጠንካራ ሆኖ ሲመለስ ከፊተኛው ይልቅ ይወጋቸው ነበር። የምድጃ ጢስ ስለማይችሉ እንጀራ መጋገር ትተው፥ ብርሃን ስለሚያማቸውም ሰርግና ልቅሶ መዋል ትተው ነበር። በሚያዝያ ወር 2013 ዓ.ም የልጅ ልጃቸው ስለ ዓይን ሕክምና በገበያ ሰምታ እጃቸውን ይዛ ወደ ከተማ ወሰደቻቸው። በዚያው ሰፈር ሕመሙ ያለባቸው ሌሎች 3 ሴቶች ግን፥ «እስቲ መጀመሪያ የእርሳቸውን ዓይን እንይ» ብለው ቀሩ።

ይህን ሕክምና በገጠር የሚሠራው ለዚሁ ተለይቶ የተማረ የጤና ባለሙያ ነው። ቆቡን በመርፌ ካደነዘዘ በኋላ ከጠርዙ ጥቂት ከፍ ብሎ የቆቡን ጠንካራ ክፍል ይቈርጣል፤ ጠርዙንም ወደ ውጭ አዙሮ በክር ይሰፋዋል። እኒያ እናት ሁለቱም ዓይኖቻቸው ተሰፍተው ከአልጋው በተነሡ ጊዜ ባለሙያው እንዲህ አላቸው፦ «እናቴ፥ የእኔ ሥራ አለቀ፤ የእርስዎ ሥራ ገና አሁን መጀመሩ ነው። ፋሻው ነገ ይፈታል። ይህን ቅባት ጧትና ማታ ያድርጉ፤ ዓይንዎን በእጅዎ አይሹት፤ ከጢስና ካቧራ ይራቁ። ቢያብጥና ጥቂት ደም የቀላቀለ እንባ ቢወርድ አይደንግጡ፤ ይህ የመዳን መንገድ ነው። ሕመሙ እየባሰ ቢሄድ፥ መግል ቢያወጣ፥ ማየትዎ ቢደክም ወይም ቆቡ አልከደን ቢል ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይምጡ። በ2ኛው ሳምንት ክሩን አወጣለሁ፤ በ6ኛው ወርም ጠጕሩ እንዳልተመለሰ አያለሁ።» ቀጠሮውንም በወረቀት ጽፎ ሰጣቸው፤ እርሳቸውም ከወረንጦው ጋራ በመቀነታቸው ቋጠሩት።

በመጀመሪያዎቹ ቀኖች የታዘዘው ሁሉ ተፈጸመ። ከዚያ በኋላ ግን ቅባቱ ዓይን ያደበዝዛል ብለው ተዉት። የማሽላ ዘር ጊዜ ደረሰና የልጅ ልጃቸው ከእርሻ መለየት አቃታት፤ ክሩ የሚወጣበት ቀንም አለፈ። በ5ኛው ሳምንት በግራ ቆባቸው ሥር የምስር ፍሬ የሚያህል ቀይ ሥጋ ወጣ፤ በተነካም ጊዜ ይደማ ጀመር። ቁስል ሲድን ወይም ክር በውስጡ ሲቆይ እንዲህ ያለ ሥጋ ማብቀሉ በሐኪሞች ዘንድ የታወቀ ነው፤ በቀላሉም ይወገዳል። እርሳቸው ግን ይህን አላወቁም። ዓይናቸውን በነጠላ ሸፍነው ከቤት ዋሉ፤ ጎረቤት ሲመጣም፥ «ደኅና ነኝ፤ ፀሐይ ፈርቼ ነው» ይሉ ነበር።

የደበቁት ስለ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፥ ባለሙያው የነገራቸውን ስላልጠበቁ እንዳይቈጣቸው ፈሩ። ሁለተኛው ግን ከዚህ ይከብዳል፤ እኒያ 3 ሴቶች ይህን ቢያዩ ወደ ሕክምና ፈጽሞ እንደማይሄዱ ያውቃሉ። እንግዲህ እውነቱን ቢናገሩ ሴቶቹ ይቀራሉ፤ ቢደብቁም የገዛ ዓይናቸው ይጠፋል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለውን የአገሩን ተረት የልጅ ልጃቸው አንድ ማታ ባነሣችባቸው ጊዜ፥ ብዙ ዝም ብለው ቆዩና፥ «ነገ ገበያ ነው፤ ውሰጂኝ» አሉ።

ባለሙያውም ባያቸው ጊዜ አልተቈጣም። ዓይናቸውን አደንዝዞ ሥጋውን ቈረጠ፥ ክሩንም አወጣ፤ ከዚያም፥ «እናቴ፥ የዘገየ ይሻላል ካልመጣ» አላቸው። ወደ ቤታቸው በተመለሱ ጊዜ እኒያን 3 ሴቶች ራሳቸው አስጠሩ፤ ነጠላውንም ገልጠው ዓይናቸውን አሳዩ። ሥጋ በቅሎ እንደ ነበረ፥ በማን ስንፍና ክሩ እንደ ቆየ፥ እንዴትም እንደ ተቈረጠ ሳይቀንሱ ተናገሩ። ከሴቶቹም 2ቱ በሚቀጥለው ገበያ ሄዱ። ምንም ክፉ ነገር አይደርስም ብለዋቸው ቢሆን ኖሮ፥ የመጀመሪያው እብጠት በታየ ጊዜ ሐሰተኛ ይሏቸው ነበር፤ የሚደርሰውን ክፉና መድኃኒቱን አብረው ስለ ነገሯቸው ግን አመኗቸው።

የ6ኛው ወር ቀጠሮ በጥቅምት ወር 2014 ዓ.ም ነበረ። ነገር ግን ከነሐሴ 2013 ዓ.ም እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም ወልድያና አካባቢዋ በጦርነት ተያዙ፤ ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታል ተዘረፉ፥ ሕመምተኛም መድረሻ አጣ። የእኒያ እናት ወረቀት በመቀነታቸው እንደ ተቋጠረ ቀኑ አለፈበት። በዚያው ወራት በግራ ዓይናቸው 2 ጠጕሮች ተመልሰው ብሌኑን መንካት ጀመሩ፤ ተጥሎ የነበረውም ወረንጦ እንደ ገና ተፈለገ።

የጠጕር መመለስ ሁልጊዜ የሕመምተኛው ጥፋት አይደለም። በአማራ ክልል 1000 ሕመምተኞች ገብተውበት በ2008 ዓ.ም ውጤቱ በታተመ ጥናት፥ ሁለት ዓይነት የአቈራረጥ ሥርዓት ተወዳድሮ ነበር። ከ1 ዓመት በኋላ ባንደኛው ከመቶ 22፥ በሁለተኛው ከመቶ 13 ሰዎች ጠጕሩ ተመልሶባቸው ተገኘ። ስለዚህ የ6ኛው ወር ቀጠሮ ለወግ የተሰጠ አይደለም፤ የተመለሰው ጠጕር ብሌኑን ሳያጠፋ እንዲታይ ነው። ጦርነት ከቤትና ከእህል ሌላ እንዲህ ያለውንም ቀጠሮ ይዘርፋል፤ ይህን ግን በዝርፊያ መዝገብ የሚጽፈው የለም።

የሕክምናው ሥራ በተመለሰ ጊዜ እኒያ እናት ያንኑ ያደፈ ወረቀት ይዘው ቀረቡ። ግራ ዓይናቸው ለሁለተኛ ጊዜ ተቈርጦ ተሰፋ። የተሰፋ ቆብ ዳግመኛ ሲቈረጥ ጠባሳው ሥራውን ያከብደዋልና ባለሙያው ይህንኑ አስቀድሞ ነገራቸው። በዚህ ጊዜ ግን ቅባቱ አልቋረጠም፥ ክሩም በቀኑ ወጣ፤ ጭድና አቧራ በሚነሣበት ሥራም የልጅ ልጃቸው አላስጠጋቻቸውም።

ምላጩ የቆየውን ጠባሳ ከብሌኑ ላይ አያነሣም፤ የግራ ዓይናቸው ነጭ ነጥብ ዛሬም እንዳለ ነው፥ የሩቅ ሰውም በደኅና አይለይላቸውም። መውጋቱ ግን ቀርቷል፤ ከምድጃ አጠገብ ይቀመጣሉ፥ ልቅሶም ይውላሉ። በቤተ ሳይዳ የተፈወሰው ዕውር እንኳ በመጀመሪያው መዳሰስ ሰዎችን እንደ ዛፍ ሲመላለሱ እንዳየ፥ አጥርቶም ያየው በሁለተኛው እንደ ሆነ በቅዱስ ማርቆስ ወንጌል ተጽፏል። ዕውሩም ከመጀመሪያው በኋላ ምን እንደሚያይ በተጠየቀ ጊዜ ድኛለሁ ብሎ አልሸፈነም፤ ያየውን እንዳየው ተናገረ እንጂ።

እኒያ እናት ዛሬ ጧት ጧት የልጅ ልጃቸውን ሕፃን ፊት በእጃቸው ያጥባሉ። ውኃው ከሩቅ የሚቀዳ ነውና ቤተ ሰቡ፥ «ለፊት ይህን ያህል ይፈሳልን?» ሲላቸው፥ ግራ ዓይናቸውን በጣታቸው ያሳያሉ።