ወንድሜን ከሞጣ ልመልስ ሄጄ…

ታናሽ ወንድሜ ማትሪክ ወደቀ። መቼም ብቻውን አልወደቀም! የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ውጤት ጥር 2015 ላይ ሲወጣ ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። ያን ሰሞን ሰፈራችን በየቤቱ ልቅሶ የተቀመጠ ይመስል ነበር። የጎረቤት ልጆች አልቅሰው ሲያበቁ የግል ኮሌጅ ማፈላለግ ጀመሩ። የእኛው አላለቀሰም። የካቲት ላይ አንድ ማለዳ ቦርሳውን አንጠልጥሎ "ሞጣ ሄጄ አጎቴን ልጠይቅ" አለ። እሰይ፣ አየር ይቀይር ብለን ስንቅ ቋጠርንለት። ከሦስት ሳምንት በኋላ ደውሎ ምን ቢል ጥሩ ነው? "አልመጣም፤ እዚሁ ላርስ ነው!"

እንግዲህ የአዲስ አበባ ልጆች የሆናችሁ ታውቁታላችሁ። እኛ ሰፈር "ገበሬ" ስድብ ነው። ጫማው አቧራ የነካ፣ ቀልድ ዘግይቶ የሚገባው፣ ሴት ማናገር ያቃተው ሁሉ "ገበሬ" ነው። ገበሬ የሚባል ሰው በእውነት መኖሩ ትዝ የሚለን ጤፍ ሲወደድ ነው። እናቴ ደግሞ የራሷ ቁስል አላት። ሞጣ አጠገብ ተወልዳ፣ በ14 ዓመቷ ውኃ ከመቅዳትና ኩበት ከመልቀም ሸሽታ አዲስ አበባ የገባች ሰው ናት። "እኔ በባዶ እግሬ ያመለጥኩትን ልጄ ጫማ አድርጎ ይመለስበት?" እያለች ከረመችና ግንቦት ላይ ለመንገድ የሚሆን ገንዘብ ሰጥታ "ሂጂና ይዘሽልኝ ነዪ" አለችኝ።

እኔም እንደምመልሰው እርግጠኛ ነበርኩ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ዩኒቨርሲቲ ሳልገባ የቀረሁ፣ በየጋዜጣው እየጻፍኩ የምኖር ሰው ነኝ። የወደቀ ሰው እንዴት እንደሚባበል ካላወቅሁ ማን ያውቃል?

እስከ ጎሐ ጽዮን ያለውን መንገድ በጸሎት አለፍኩት ማለት ይቻላል። የእገታው ወሬ ተሳፋሪውን ሁሉ ዝም አሰኝቶት ነበር። ዓባይን ወርደን ወጥተን ደጀን ስንደርስ ነው ሰው ማውራት የጀመረው። ደጀን ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ ግራው ወደ ደብረ ማርቆስ፣ ቀኙ ወደ ቢቸና። በቀኙ ሄድን።

ቢቸና ላይ አንድ ቀን ለማደር የወረድኩት አብራኝ የተማረች ልጅ ስላለች ነው። አሥረኛን ስንጨርስ እኔ ወደ መሰናዶ አለፍኩ፤ እሷ ግብርና ኮሌጅ ተመደበች። "ተመደበች" ነው ያልኩት፤ "መረጠች" አላልኩም። አሁን ገጠር ቀበሌ ውስጥ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ናት። መንግሥት በየቀበሌው ለሰብል፣ ለእንስሳትና ለተፈጥሮ ሀብት ሦስት ሦስት ባለሙያ ላስቀምጥ ብሎ ካሠለጠናቸው በአሥር ሺዎች ከሚቆጠሩ ወጣቶች አንዷ መሆኗ ነው።

እሷን ይዤ ከከተማው ወጣ ስንል የቢቸናን መሬት አየሁት። የበላይ ዘለቀ አገር ሲባል እኔ የሚታየኝ ገደልና ጫካ ነበር። ለካ ወለል ያለ ሜዳ ነው! መሬቱ ከሰል የመሰለ ጥቁር፣ በፀሐይ ተሰነጣጥቆ እግር የሚያስገባ። "አሁን እንዲህ ሆኖ እንዳታይው" አለችኝ ጓደኛዬ፤ "ሐምሌ ላይ ጫማሽን ውጦ ያስቀረዋል።" ውኃ ስለማያሳልፍ ድሮ ገበሬው ዝናቡ እስኪጋመስ ጠብቆ ነበር የሚዘራው። ክረምቱ ሲወጣ ደግሞ መሬቱ በያዘው እርጥበት ብቻ ሽምብራና ጓያ ያበቅላል፤ ዝናብ ሳይጠብቅ! በኋላ ቢቢኤም የሚሉት በበሬ የሚጎተት መሣሪያ መጣ። መደብ እያወጣ ውኃውን በቦይ ስለሚያስወግድ ስንዴ ቀደም ብሎ መዝራት ተቻለ። በ1998 ዓ.ም. ከደብረ ዘይት የምርምር ማዕከል የወጣው "ቁንጮ" የሚባለው ነጭ ጤፍ ደግሞ የአርሶ አደሩን ልብ ወሰደው። ይህን ሁሉ ስትነግረኝ ዓይኗ ያበራል። ጨርሳ ምን አለችኝ መሰላችሁ? "እባክሽ አዲስ አበባ ሥራ ፈልጊልኝ።"

"ምን ነካሽ? ይሄን ሁሉ እያወቅሽ?"

"እኔ የማውቀው በጠመኔ ነው። ገበሬው ‘አንቺ ልጅ፣ የራስሽ መሬት የታለ?’ ሲለኝ መልስ የለኝም።"

ይቺን ነገር ያዙልኝ። መሬት የምትለዋ ቃል ሞጣ ድረስ ተከትላኛለች።

ዲማ ጊዮርጊስም ከቢቸና ሩቅ አይደለም። "ፍቅር እስከ መቃብር"ን ያነበበ የዲማን ስም አይረሳውም። በዛብህ ከማንኩሳ ገበሬ ቤት ወጥቶ፣ በቀለም ተስቦ የፊታውራሪ መሸሻ ቤት የደረሰው እዚያ ነው። በዚያው መጽሐፍ ውስጥ በፊታውራሪው ላይ ያመፁት ደግሞ ገበሬዎቹ ናቸው። ሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፉን በ1958 ዓ.ም. ሲያሳትሙ የጎጃም ገበሬ ልጅ ቀለም ከቆጠረ ወደ ዕርፍ እንደማይመለስ አገር ያወቀው ነበር። እናቴ የምታውቀውም ይሄንኑ ነው።

በማግስቱ ደብረ ወርቅንና ጉንደ ወይንን አልፈን ሞጣ ገባን። ከሞጣ ባሕር ዳር 120 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። (በፋሲል ዘመን ተሠርቶ በጣሊያን ጦርነት ጊዜ የተሰበረውን ሰባራ ድልድይ ሳላይ መመለሴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።) ወንድሜ መናኸሪያ ጠበቀኝ። አላወቅሁትም ብል ውሸት ነው፤ ግን ደንግጫለሁ። ከስቷል፣ ጠቁሯል፣ መዳፉ እንደ ቁርበት ሆኗል። የባሰውን ልንገራችሁ? ደስ ብሎታል!

አጎቴ ቤት እግሬን ታጥቤ፣ እንጀራ በአይብ በልቼ ወደ ነገሬ ልገባ ስል ቀድሞኝ አንድ ደብተር አወጣ። የሒሳብ ደብተሩ ነው፤ ያው ማትሪክ ያጠናበት። ከፊት ሎጋሪዝም፣ ከኋላ ጤፍ! አጎቴ አራት ቃዳ አለው፤ አንድ ሄክታር መሆኑ ነው። ሁለቱን ቃዳ ለወንድሜ በእኩል ሰጥቶታል። ጥሩ ከያዘ ስምንት ኩንታል፣ የእሱ ድርሻ አራት። በሬው አንድ ስለሆነ ከጎረቤት በሬ ጋር በመቀናጆ ነው የሚያርሱት። ሁለት በግ ገዝቶ ያደልባል።

"በጎቹን በምን ገዛህ?"

ሳቀ። እናቴ ለኮሌጅ መመዝገቢያ ብላ የላከችለት ገንዘብ እዚያ ግቢ ውስጥ ታስሮ ሣር ይበላል!

ማታ እሳት ዳር ቁጭ ብለን ለምን እንደመረጠው ጠየቅሁት። እኔ የጠበቅሁት ስለ አገር ፍቅር፣ ስለ ንጹሕ አየር ምናምን እንዲያወራኝ ነበር። "አዲስ አበባ እያለሁ ያገኘኝ ሁሉ የሚጠይቀኝ ‘ስንት አመጣህ?’ ነው" አለ፤ "እዚህ ‘ምን ዘራህ?’ ነው የሚሉኝ።" ከዚያ ዝም ብሎ ቆየና ጨመረበት። "ደግሞ የካቲትና መጋቢት ላይ ጤፍ አዲስ አበባ ምን ያህል እንደ ተወደደ አይተሻል። የሚሸጠውን ወገን መሆን ይሻላል ብዬ ነው።"

አጎቴ ይሄን ሁሉ ዝም ብሎ ይሰማል። የአጎቴ ነገር ግን ሌላ ነው። ሦስት ልጆች አሉት። ትልቁ አዲስ አበባ ሎተሪ ያዞራል (ሎተሪ አዟሪ ሲያይ "ከጎጃም ነህ?" የማይል የአዲስ አበባ ሰው አለ?)። ሁለተኛው ሰሊጥ ሊያርም መተማ ወርዷል። ሴቷ ዓረብ አገር ናት። የእሱ ልጆች ወደኛ፣ የእኛው ወደ እሱ!

"አንቱ፣ ልጆችዎ ለምን አላረሱም?" አልኩት።

"መሬቱ የታለና ልጄ?" አለኝ። ያለው አራት ቃዳ በ1989 ዓ.ም. በተካሄደው የመሬት ሽግሽግ የደረሰው ነው። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ያለ ድልድል አልተደረገም። እኔ የተወለድኩት በ1989 ነው። እንግዲህ አስቡት! የእኔ እኩያና ከእኔ በታች ያለ የገበሬ ልጅ ሁሉ ወይ ከአባቱ ይወርሳል፣ ወይ ከሰው ተከራይቶና በእኩል ያርሳል፣ ወይ ይሰደዳል። አራት ቃዳ ለሦስት ልጅ ሲካፈል ስንት እንደሚደርስ ደብተር አያስፈልገውም። መሸጥ መለወጥ እንደሆነ በሕገ መንግሥቱ ክልክል ነው።

እነሱ አገር መሬት ቀልድ አይደለም። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ "መሬታችን ሊለካ፣ ርስታችን ሊነጠቅ ነው" ብለው መሣሪያ ካነሱት መካከል የሞጣና የቢቸና ገበሬዎች ግንባር ቀደም ነበሩ። ጦር ተላከ፣ አውሮፕላን ተላከ፤ በመጨረሻ ንጉሡ ጠቅላይ ገዥውን አነሱ፣ ውዝፉንም ግብር ማሩ። አጎቴ ያኔ ሕፃን ነበር፤ አውሮፕላኑን ግን እስከ ዛሬ በእጁ እያሳየ ነው የሚያወራው።

በማግስቱ ወንድሜ ጓደኞቹን አስተዋወቀኝ። አንዱ በአካውንቲንግ ተመርቆ ሁለት ዓመት ማስታወቂያ ሲያነብ ኖሮ አሁን በግ ያደልባል። አንዷ ልጅ ዶሮ ጀምራ ግማሹ በበሽታ አልቆባት እንደገና ጀምራለች። ሌላው የሰሊጥ አረም ሲደርስ መተማ ሊወርድ ነው። ሲያወሩ አንድ ነገር ታዘብኩ። ግብርናን "መረጥኩ" የሚለው ሌላ ነገር አይቶ የተመለሰውና ከኋላው መሬት ያለው ዘመድ የቆመለት ነው። እዚያው ተወልዶ ያደገው ግን "ቀረሁ" ነው የሚለው። ሥራው አንድ፣ ቃሉ ሁለት። ያ ሰሞን ደግሞ የማዳበሪያ እጥረት ሰውን ያንገበግብ ነበር። መርጦ የገባውም ሳይመርጥ የቀረውም እኩል ተሰልፎ እኩል ባዶ እጁን ሲመለስ አየሁ።

ልሸኝ ስወጣ አጎቴ ለብቻዬ ጠራኝ። "ልጁ ጎበዝ ነው፤ በሬው ራሱ ለምዶታል። ነገር ግን ሁለቱ ቃዳ የትልቁ ልጄ ነው። ነገ ‘መጣሁ’ ቢለኝ ምን ልለው ነው?" መልስ አልነበረኝም። እንደ እህት አንድ ነገር ብቻ ለመንኩ፦ የእኩሉ ውል በጽሑፍ ይሁን፣ ዓመቱ ይጠቀስ፣ ቀበሌ ይመዝገብ። በሥጋ ዘመድ መካከል ወረቀት ነውር ነው ብለው ሳቁብኝ፤ ግን ጻፉ። የሁለት ዓመት ውል። እንደ ወንድሜ እርሻ የሚያምራችሁ ካላችሁ ከበሬውም ከዘሩም በፊት እቺን ወረቀት ጨርሱ።

አዲስ አበባ የተመለስኩት ያለ ወንድሜ፣ በሩብ ኩንታል ጤፍ ነው። እናቴ ጤፉን አላየችውም፤ እኔንም ሳምንት አላናገረችኝም።

ሐምሌ 2015 መጨረሻ ላይ ክልሉ ውስጥ ጦርነት ሲነሳ ኢንተርኔቱ ተዘጋ፤ ስልክ አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ ይጠፋል። እናቴ ሌሊት እየተነሳች ትጸልያለች። ታኅሣሥ ላይ ድምፁን ሰማን፤ ማዳበሪያው የተመዘገበውን ግማሽ ስለደረሰው ድርሻው ሦስት ኩንታል ተኩል ሆኗል። በጎቹ አራት ሆነዋል። "ና ልጄ" ስትለው "ማን ያርሰዋል?" አላት።

የአጎቴ ትልቁ ልጅ በ2017 ፋሲካ ቤታችን መጣ። ሎተሪውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ፣ ዶሮውን በልቶ፣ ጠላውን ጠጥቶ ወደ ማምሻው ግድም ጠየቀኝ። "እሱ ልጅ ዘንድሮ ምን ሊዘራበት ነው?"

"ጤፍ መሰለኝ።"

"ውሉ አልቋል አይደል?" አለ። "እኔም እግሬ ዝሏል እህቴ። ለክረምት ብገባ ነው የማስበው።"

ስልኬን አንስቼ ደወልኩ፤ ደግነቱ ኔትወርክ ነበር። ወንድሜ "ሃሎ" ሲል ለእሱ ሰጠሁትና ቡና ላፈላ ብዬ ወጣሁ። ቡናው ሦስት እስኪደርስ አወሩ። ምን እንደተባባሉ ሁለቱም እስከ ዛሬ አልነገሩኝም።